ምዕራፍ አራት፦ በፍርድ የሄደች በቅሎ

ሳን ሆዜ ውስጥ ከሥራ መልስ ልቅሶ ለመድረስ የሄደ ሰው መንገዱን ያውቀዋል። ጎዳናው አጭር ነው፤ መጨረሻው ድፍን ነው። ግራና ቀኝ የተደረደሩት ቤቶች ሁሉም ጋራዥ አላቸው፤ በየጋራዡ ፊት ደግሞ ሰፊ የሲሚንቶ መግቢያ አለ። በሁለት መግቢያዎች መካከል የቀረችው የመንገድ ጠርዝ ለአንድ መኪና ትበቃለች፤ ቢበዛ ለሁለት። ሠላሳ አርባ መኪና በአንድ ምሽት ሲመጣ ማን የት ያቆማል? ልብ በሐዘን ሲያዝ ዓይን ጠርዝ አይለካም። ሰው አገኘሁ ባለበት አቁሞ ይገባል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ተቀምጬ ሳለሁ አንድ ወጣት ጎንበስ ብሎ በየሰዉ ጆሮ «ብርማዋ ቶዮታ የማን ናት?» እያለ ዞረ። ባለቤቷ አንድ ሽማግሌ ነበሩ።

«ምነው ልጄ፣ ተገጨች እንዴ?»

«አልተገጨችም ጋሼ። የጎረቤቲቱን መውጫ ዘግታለች። ሴትዮዋ ሆስፒታል የሌሊት ተረኛ ናት፤ መውጣት አልቻለችም።»

«ለልቅሶ መጥቼ? ትንሽ ብትታገሠን ምን ነበረበት?»

«እሷንም በሽተኛ ይጠብቃታል ጋሼ።»

ሽማግሌው ኮታቸውን ደርበው ወጡ፤ እኔም ተከተልኳቸው። መኪናዋ መግቢያውን ሙሉ በሙሉ አልዘጋችውም። የኋላው ፓራውልት ጠርዙ መውረድ ከሚጀምርበት አንድ ክንድ ያህል አልፎ ገብቷል። ጎረቤቲቱ የሆስፒታል ልብሷን እንደለበሰች፣ ሞተሯን አስነስታ፣ ስልኳን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ቆማለች። ወደ ከተማው እየደወለች ነበር። ሽማግሌው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ይቅርታ ጠየቁ፤ መኪናቸውን አነሱ። እሷም በእጇ አመስግና ወጣች። ነገሩ በአምስት ደቂቃ አለቀ።

ያቺ አንድ ክንድ ግን ሌሊቱን ሁሉ ከሐሳቤ አልወጣችም። ወጣቱ ባለመኪናውን ባያገኛቸው ኖሮ ምን ይሆን ነበር? ሴትዮዋ ጎረምሶች ጠርታ መኪናዋን ማስገፋት ትችል ነበር? ጎታች መኪና በራሷ መጥራትስ? የከተማው ሠራተኛ ቢደርስ ቲኬት ቆርጦ ይሄዳል ወይስ መኪናውን አስጭኖ ይወስዳል? ሽማግሌውስ ወጥተው መኪናቸውን ቢያጡ ማን ዘንድ ሄደው ይከራከራሉ?

ለእነዚህ ጥያቄዎች የካሊፎርኒያ ሕግ መልስ አለው። መልሱ በብዙ አንቀጽ ተበትኗል፤ መንፈሱን ግን አንድ የቆየ አባባላችን ይዞታል፦ «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ትቆጨኛለች።» በቅሎ ትልቅ ሀብት ናት፤ ጭብጦ የአንድ እጅ ቁራሽ ናት። አባቶቻችን የለኩት የጠፋውን ነገር ዋጋ አልነበረም። የለኩት አወሳሰዱን ነው።

ጠርዙ የሚወርድበት ቦታ

በየዕለቱ «ድራይቭዌይ» ብለን የምንጠራው ነገር በሕግ ዓይን ሁለት ቁራጭ ነው። አንደኛው ከይዞታው ወሰን ወዲህ፣ በግቢው ውስጥ ያለው ነው፤ ይህ የባለቤቱ መሬት ነው። ሁለተኛው ከእግረኛው መንገድ እስከ አስፋልቱ ቁልቁል የሚወርደው ሲሚንቶ ነው። ባለቤቱ ቢጠርገውም፣ ቢጠግነውም፣ ይህ ሁለተኛው ቁራጭ በአብዛኛው የሕዝብ መንገድ አካል ነው። ባለቤቱ እዚያ ላይ ያለው የመተላለፍ መብት ነው።

ይህን ልዩነት የያዘ ሰው የቀረውን ሕግ በቀላሉ ይረዳዋል። ከተማው ለአንድ ቤት የመንገዱ ጠርዝ እንዲቆረጥ ሲፈቅድ ለዚያ ቤት መተላለፊያ ይሰጣል። በዚያው ቅጽበት ከሕዝቡ አንድ የመኪና ማቆሚያ ይወስዳል። ልዋጩ ይኸው ነው። ስለዚህ ባለቤቱ «መውጫዬን አትዝጋ» የማለት ሙሉ መብት አለው። «ከቤቴ ፊት አትቁም» የማለት መብት ግን የለውም። መግቢያውን ካልነካ በቀር ቤቱ ፊት ለፊት ያለው ጠርዝ የመንገደኛ ሁሉ ነው። ባልዲ ወይም ወንበር በማስቀመጥ የግል አይሆንም። ጠርዙን ቀይ ቀለም የመቀባት ሥልጣንም የከተማው እንጂ የነዋሪው አይደለም።

ይህ የመውጫ ጠብ በኦክላንድና በሳን ሆዜ ለምን እንደበዛ ለማወቅ ቤቶቹ የተሠሩበትን ዘመን ማየት ያስፈልጋል። ኦክላንድ እ.ኤ.አ. በ1900 ዓ.ም. 66,960 ነዋሪዎች ነበሯት፤ በ1910 ወደ 150,174 ደረሱ። በመካከሉ የ1906ቱ የመሬት መንቀጥቀጥና ቃጠሎ ሳን ፍራንሲስኮን አውድሞ ብዙ ሰው ባሕረ ሰላጤውን ተሻግሮ መጥቷል። ከ1903 ጀምሮ ደግሞ ኪ ሲስተም የተባለው የኤሌክትሪክ ባቡር ሰፈሮቹን ከጀልባው ወደብ ጋር አገናኝቷል። በዚያ ዘመን ቤት የሠራው ሰው በባቡር የሚሄድ ሰው ነበር። ቦታው ጠባብ ነው፤ መኪና ሲመጣ ከቤቱ ጎን ወደ ጓሮ የምታስገባ ቀጭን መተላለፊያ ተጨመረችለት። ዛሬ ያ ቤት ለሁለትና ለሦስት ተከራይ ተከፋፍሎ፣ በአንዲት ቀጭን መተላለፊያ ሦስት አባወራ ይወጣባታል፣ ይገባባታል። ቴሌግራፍ አቬኑ ላይ ከሚገኙት የሐበሻ ምግብ ቤቶች በአንዱ እሑድ ቀን ቁርጥ ለመብላት የሄደ ሰው በጎን መንገዶቹ ሲዞር የሚያየው ይህንኑ ነው።

ሳን ሆዜ ተቃራኒዋ ናት። በ1950 የሕዝቧ ቁጥር 95,280 ነበር፤ በ1970 ከ445 ሺህ በላይ ሆነ። በነዚያ ዓመታት፣ ከ1950 እስከ 1969፣ የከተማዋ ሥራ አስኪያጅ የነበረው ደች ሃማን በዙሪያዋ ያለውን የፍራፍሬ እርሻ እየቀላቀለ አሰፋት። እነዚህ ቤቶች ከመኪና ጋር አብረው ተወለዱ፤ ሁለት መኪና የሚያስገባው ጋራዥ የቤቱ ፊት ነው። ያኔ አንድ ቤት ለአንድ ቤተሰብ ነበር። ዛሬ የቤት ኪራይ ሰማይ ሲነካ ወንድም ከወንድሙ፣ ወላጅ ከልጁ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ይኖራል፤ ሥራ ያለው ሁሉ መኪና አለው። ከ2016 ጀምሮ በተከታታይ የወጡት የክልሉ ሕጎች ደግሞ ጋራዥን ወደ መኖሪያ ቤት መለወጥን አቃለሉ፤ ጋራዡን ለለወጠ ባለቤት ከተማው የጠፋውን ማቆሚያ ተካ ሊለው አይችልም። ሳን ሆዜም በታኅሣሥ 2022 አዲስ ግንባታ የግድ ይህን ያህል የመኪና ማቆሚያ ይኑረው የሚለውን ደንቧን ሰርዛለች። ቤት ላጣ ሰው ይህ መልካም ነው፤ እኔም እደግፈዋለሁ። ከጋራዥ የወጣው መኪና ግን የሚቆመው ጎዳና ላይ ነው፤ ጎዳናውም አልሰፋም።

የሕጉ ቃል

መሠረቱ የካሊፎርኒያ የተሽከርካሪ ሕግ ቁጥር 22500 ነው። ይህ አንቀጽ መኪና የማይቆምባቸውን ቦታዎች ይዘረዝራል፤ በፊደል «ኢ» ሥር ያለው ከሕዝብም ሆነ ከግል መግቢያ ፊት ለፊት ማንኛውንም ተሽከርካሪ ማቆም ይከለክላል። የክልል ሕግ ስለሆነ ኦክላንድም፣ ሳን ሆዜም፣ ሌላውም ከተማ እኩል ይገዛበታል።

ከዚህ አንቀጽ ሦስት ነገሮችን አጥብቀን መያዝ አለብን። አንደኛ፣ ክልከላው ሹፌር ውስጥ ቢኖርም ባይኖርም ይሠራል። ፍሬቻውን ግራና ቀኝ አብርቶ «አንድ ደቂቃ ብቻ» ማለት ከጥፋት አያድንም። ለአውቶቡስ፣ ለትምህርት ቤት አውቶቡስና ለታክሲ ሰው ለማውረድና ለመጫን ያህል ከተማው በደንቡ ሊፈቅድ ይችላል። በስልክ መተግበሪያ ሰው የምንጭነው ግን በዚህ ቃል ልንተማመን አይገባም፤ ካሊፎርኒያ ከ2013 ጀምሮ ይህን ሥራ ከታክሲ ለይታ በሌላ ስም ነው የምታስተዳድረው። ብዙ ወገኖቻችን ከዚህ ሥራ ስለሚበሉ ይህን ማወቅ ለኪስም ይጠቅማል።

ሁለተኛ፣ ሕጉ «ግማሹን ብቻ ነው የዘጋሁት» ለሚል ሰው የሰጠው መለኪያ የለም። ከመግቢያው ፊት መቆም ነው የተከለከለው። የከተማ መግቢያ የሚታወቀው በተቆረጠው ጠርዝ ነው፤ ጠርዙ መውረድ ከጀመረበት ነጥብ ያላለፈ ሰው ክርክር አይነሳበትም። የሽማግሌው አንድ ክንድ ያለፈችው ይህን ነጥብ ነው። የአካል ጉዳተኛ ሰማያዊ ካርድም እዚህ ላይ አይረዳም። ካርዱ የቆይታ ገደብን ይፈታል፤ ለማንኛውም መኪና ጨርሶ የተከለከለን ቦታ ግን አይከፍትም። አረጋዊ ወላጆቻችንን ይዘን ስንንቀሳቀስ ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ሦስተኛ፣ የክልሉ ሕግ «የራሱ ካልሆነ በቀር» አይልም። ሰው የገዛ መግቢያውን ፊት ቢዘጋ ተከለከለ የተባለውን አድርጓል። ቁጥር 22507.2 ከተሞች ደንብ አውጥተው ለባለቤቱ ወይም ለተከራዩ ፈቃድ እንዲሰጡ በር ከፍቷል። ሳን ፍራንሲስኮ ለምሳሌ አንድና ሁለት መኖሪያ ብቻ ላለው ሕንፃ፣ በዚያ አድራሻ ለተመዘገበ መኪና፣ በገዛ መግቢያው ፊት ማቆምን ትታገሣለች። ከተማው እንዲህ ያለ ደንብ ካላወጣ ግን ክልከላው እንዳለ ነው። መኪናውን ግቢው ውስጥ አቁሞ ጭራው የእግረኛውን መንገድ የሸፈነበትም ሰው እንደዚሁ ይቀጣል፤ ያው ቁጥር 22500 በሌላ ፊደል የእግረኛን መንገድ ይጠብቃል። ሕፃን በጋሪ የምትገፋ እናት ወደ አስፋልት ወርዳ እንዳትዞር ነው። የአንዱ መውጫ ተጠብቆ የሌላው መተላለፊያ አይዘጋም።

ቲኬትና ጉተታ

ሰው ሁሉ የሚያደባልቃቸው ሁለት ነገሮች አሉ፤ መቅጣትና መውሰድ። ቲኬት ለመቁረጥ ጥፋቱ መፈጸሙ ይበቃል። መኪናውን ለመውሰድ ግን አይበቃም።

መውሰድን የሚፈቅደው ቁጥር 22651 ነው። በዚህ አንቀጽ መኪና ማስነሳት የሚችለው ፖሊስ ወይም ትራፊክና ፓርኪንግ ለመቆጣጠር በከተማው የተቀጠረ ደመወዝተኛ ሠራተኛ ነው። መግቢያ ስለዘጋ መኪና ሕጉ ሁለት ነገር ይጠይቃል፦ መኪናው ያለ ሕግ ቆሞ የግል መግቢያ መዝጋቱን፣ እንዲሁም ከዚያ አንስቶ እዚያው ጎዳና ላይ ወደ ሌላ ቦታ ማዛወር የማይመች መሆኑን። ደግሞም ቃሉ «ይችላል» ነው፤ «አለበት» አይደለም። ሠራተኛው ቦታው ላይ ቆሞ ይፈርዳል።

ኦክላንድ እኖር በነበረ ጊዜ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ መንገደኛ ይዤ ወደ አየር ማረፊያ ልወጣ ስል ሰማያዊ ቫን መውጫዬን ከዳር እስከ ዳር ዘግታ አገኘኋት። ደወልኩ። የመጣው ሠራተኛ ወዲያው ጎታች አልጠራም። በመጀመሪያ በባትሪ መብራት ጠርዙን ከግራ ወደ ቀኝ አየ። ከዚያ ታርጋውን በሬዲዮ አስጠየቀ፤ አድራሻው ከእኔ ቤት ሦስተኛው በር ሆኖ ተገኘ። ሄዶ አንኳኳ። ባለቤቱ በነጠላ ጫማ ወጥቶ ቫኗን አነሳ፤ ቲኬቱንም በእጁ ተቀበለ። በዚያ ሰዓት ልቤ እየተቃጠለ «ለምን አይጭናትም?» ብዬ ነበር። በኋላ ሕጉን ሳነብ ሠራተኛው ያደረገው ሁሉ ሥርዓት እንደነበረው ገባኝ። ባለቤቱ ባይገኝ ኖሮ ጉተታው በሕግ ይሆን ነበር፤ ባለቤቱ ሦስት በር አልፎ ተኝቶ ሳለ ግን በቅሎውን ያለ ፍርድ መውሰድ ይሆን ነበር።

ይህ ጥንቃቄ ከሠራተኛው ደግነት ብቻ የመጣ አይደለም። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት አራተኛ ማሻሻያ መንግሥት የሰውን ንብረት ያለ በቂ ምክንያት እንዳይዝ ይከለክላል፤ መኪና መጎተትም ንብረት መያዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ዘጠነኛው የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት፣ ካሊፎርኒያንም የሚገዛው፣ ኮርኔሊየስ ከተባለች የኦሪገን ከተማ የመጣ ጉዳይ ወሰነ። ባልና ሚስት ናቸው፤ ባል ሚስቱን መኪና እያስተማረ ነበር፤ ፖሊስ ሲያስቆማቸው መኪናቸው በገዛ መግቢያቸው ላይ ነበረች። ፖሊሱ የከተማው ደንብ ፈቅዶልኛል ብሎ አስጎተታት። ፍርድ ቤቱ ደንብ መኖሩ ብቻ አይበቃም አለ። የመንገድ ደኅንነትን የሚያስገድድ ምክንያት ያስፈልጋል፤ በገዛ ግቢዋ የቆመች መኪና ደግሞ የማንንም መንገድ አልዘጋችም።

ካሊፎርኒያ ይህን ሐሳብ በ2018 በወጣ ማሻሻያ ቁጥር 22650 ውስጥ ጽፋዋለች። በሐምሌ 2023 ደግሞ የክልሉ ይግባኝ ፍርድ ቤት በሳን ፍራንሲስኮ ጉዳይ ላይ ሲወስን፣ በሕግ ቦታዋ የቆመችን መኪና ያልተከፈለ ቲኬት ስላለባት ብቻ ያለ ፍርድ ቤት ማዘዣ መጎተት ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል አለ። እነዚህን ውሳኔዎች አንድ ላይ ስናያቸው መግቢያ የዘጋ መኪና የሚጎተትበት ምክንያት ግልጽ ይሆናል። የሚጎተተው ባለቤቱ ስላጠፋ እሱን ለመቅጣት አይደለም፤ ለመቅጣት ቲኬቱ አለ። የሚጎተተው ሌላ ሰው መውጣት ስላቃተውና ሌላ መላ ስለጠፋ ነው።

ብዙ ሰው «ሰባ ሁለት ሰዓት መጠበቅ አለብኝ» ሲል እሰማለሁ። ይህ ሌላ ሕግ ነው፤ ጎዳና ላይ በሚፈቀድ ቦታ ቆሞ ለቀናት ሳይነቃነቅ የቀረን መኪና ይመለከታል። መውጫው የተዘጋበት ሰው ሰባ ሁለት ደቂቃም መጠበቅ አይገደድም፤ ወዲያው መደወል ይችላል።

መኪናው ግቢዬ ገብቶ ከሆነስ?

አሁን የወሰኑ መስመር ይመጣል። ጎዳና ላይ ያለን መኪና የግል ሰው ማስጎተት አይችልም፤ ጎታች ድርጅት ደውሎ ቢያመጣም ድርጅቱ ሥልጣን የለውም። መኪናው ከወሰኑ ወዲህ ገብቶ የባለቤቱ መሬት ላይ ከቆመ ግን ሌላ ሕግ ይገዛዋል፤ ቁጥር 22658። በዚህ ሕግ የአንድ ቤተሰብ መኖሪያ ያለበት ይዞታ ባለቤት ወይም ሕጋዊ ባለይዞታ በራሱ ማስነሳት ይችላል፤ ለፖሊስም ያሳውቃል። ለአፓርታማና ለንግድ ቦታ ግን በመግቢያው ላይ ማስታወቂያ መለጠፍ አንዱ መንገድ ነው፤ ወርዱና ቁመቱ ቢያንስ 17 በ22 ኢንች፣ ፊደሉ ከአንድ ኢንች ያላነሰ፣ የፖሊስ ስልክም የተጻፈበት መሆን አለበት።

የበቅሎዋ ፍርድ እዚህም አለ። ጎታቹ መኪናውን አንስቶ ከግቢው ሳይወጣ ባለቤቱ ከደረሰ ወዲያው ሊለቅለት ይገደዳል፤ ሊጠይቀው የሚችለውም ቢበዛ የመደበኛውን የጉተታ ዋጋ ግማሽ ነው። ስለዚህ ጎታች መኪናው ላይ ሰንሰለት ሲያስር የደረሰ ሰው አይለማመጥ፤ አይደባደብም። «ገና ግቢው ውስጥ ነው፤ ልቀቅልኝ» ይበል፤ ደረሰኝም ይጠይቅ።

ሁለት ጎረቤቶች በአንድ መግቢያ ሲጠቀሙ ደግሞ ነገሩ ይከብዳል። በአንዱ መሬት ላይ ሌላው የመተላለፍ መብት በውል ወይም በይዞታ ሰነድ ሊኖረው ይችላል። እንዲህ ያለው ክርክር ብዙ ጊዜ የሚፈታው በፍትሐ ብሔር ፍርድ ቤት ነው። ቤት ሲገዙ የይዞታ ሰነዱን እዚህ ላይ ሁለት ጊዜ ማንበብ ዓመታት የሚፈጅ ቂም ያስቀራል።

እጅና ዳኛ

አንድ አገር ቤት ያደገ ሰው እዚህ ላይ «ለምን ተባብረን ገፍተን አናስነሳውም?» ሊል ይችላል። ጥያቄው ከባዶ አልመጣም። አዲስ አበባ ውስጥ የግቢ በር ሲዘጋ ጥበቃው የማን መኪና እንደሆነች ያውቃል፤ ብዙ ሹፌርም ስልክ ቁጥሩን ጽፎ መስታወቱ ሥር ይተዋል። ሕጋችንም ቢሆን ለባለይዞታ ያዝናል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1148 ባለይዞታው የሚደርስበትን ሁከት በኃይል መከላከል እንደሚችል ይደነግጋል፤ ኃይሉ ግን ከሁኔታው ያለፈ እንዳይሆን ያስጠነቅቃል። ቀጣዩ አንቀጽ 1149 ፍርድ ቤት ሄዶ ሁከቱ እንዲቆም የመጠየቅ መብት ይሰጣል፤ ክሱም በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ሕዝባችን «ሁከት ይወገድልኝ» ብሎ የሚያውቀው ክስ ይህ ነው።

ካሊፎርኒያ በመኪና ጉዳይ ለእጅ የሰጠችው ቦታ ከዚህ ያነሰ ነው። ቁጥር 10852 ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ሆን ብሎ መኪናን መጉዳት፣ መነካካት ወይም ከአካሉ አንዳች ነገር መንቀል ይከለክላል። መስታወት የሰበረ፣ ጎማ ያስተነፈሰ፣ በር ከፍቶ ፍሬን ያላላ ሰው በደለኛ የነበረውን ከሳሽ፣ ተበዳይ የነበረውን ራሱን ተከሳሽ ያደርጋል። በዚያች ሌሊት ኦክላንድ ውስጥ እጄን ቫኗ ላይ አሳርፌ ነበር፤ «አትንካት» ብሎ የመለሰኝ ማዶ ያለው ጎረቤቴ ነው። ዛሬም አመሰግነዋለሁ።

ይህን ባዕድ ሥርዓት አድርጎ ማየት አያስፈልግም። በጥንቱ አገራችን የተጣላ ሰው «በሕግ አምላክ!» ብሎ ባለጋራውን ያቆመዋል። ያ ቃል ሲጠራ የተነሳ እጅ ይወርዳል። ከዚያ ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላቸው ተቋጥሮ በቁራኛ ወደ ዳኛ ይሄዳሉ፤ ወይም መንገደኛውን አስቁመው ዳኛ ያደርጉታል። እጅ ከመኪናው ላይ ተነስቶ ስልክ ሲደወል፣ ሦስተኛ ሰው መጥቶ ጠርዙን በባትሪ ሲያይ፣ የሚሆነው ይኸው ነው።

ሲዘጋብን፣ ሲወሰድብን

መውጫው የተዘጋበት ሰው በመጀመሪያ በአካባቢው ያሉትን ሁለት ሦስት በሮች ያንኳኳ። ካልሆነ ኦክላንድም ሳን ሆዜም በ311 የከተማ አገልግሎት ስልክ አላቸው፤ መንገዱን እነሱ ይመሩታል። ከመደወሉ በፊት ታርጋውን፣ ጠርዙ የሚወርድበትን ነጥብና መኪናውን በአንድ ላይ የሚያሳይ ፎቶ ያንሳ። አምቡላንስ መውጣት ወይም መግባት ካቃተው ግን ጉዳዩ የፓርኪንግ አይደለም፤ የሚደወለው 911 ነው።

ቲኬት የተቆረጠበት ሰው ደግሞ ሦስት ደጅ አለው። ቲኬቱ ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ በ21 ቀን ውስጥ የመጀመሪያ ምርመራ ይጠይቃል፤ ለዚህ ገንዘብ አይከፈልም። መልሱ ካላረካው መልሱ በፖስታ በተላከለት በ21 ቀን ውስጥ አስተዳደራዊ ችሎት ይጠይቃል፤ እዚህ ላይ ቅጣቱን ያስይዛል፣ አቅም ለሌለው ግን ከማስያዝ የሚታለፍበት ሥርዓት አለ። በመጨረሻም በ30 ቀን ውስጥ ለክልሉ የበላይ ፍርድ ቤት ይግባኝ ይላል። ደብዳቤውን ሳይከፍቱ መሳቢያ ውስጥ መክተት ሦስቱንም ደጅ በገዛ እጅ መዝጋት ነው።

መኪናው በከተማው ትእዛዝ የተጎተተበት ሰው በቁጥር 22852 የመሰማት መብት አለው። ማስታወቂያው ላይ ከተጻፈው ቀን ጀምሮ በአሥር ቀን ውስጥ ችሎት ከጠየቀ፣ ቅዳሜና እሑድንና በዓልን ሳይጨምር በ48 ሰዓት ውስጥ መሰማት አለበት። ጉተታው በቂ ምክንያት አልነበረውም ከተባለ የጉተታውንና የማቆያውን ወጪ የሚሸከመው ያስጎተተው መሥሪያ ቤት ነው። የማቆያው ሒሳብ በየቀኑ ይጨምራል፤ ስለዚህ አቅም ያለው ሰው በመጀመሪያ ከፍሎ መኪናውን ያውጣ፣ ከዚያ ይከራከር። ከፍሎ ማውጣት ጥፋትን ማመን አይደለም።

ወደ ልቅሶው ቤት

ሽማግሌው ተመልሰው ሲቀመጡ ለረጅም ጊዜ አልተናገሩም። ቡና ሲቀርብ ወጣቱን ጠሩት። «ልጄ፣ ነገም ሰው ይመጣል። አንድ ነገር አድርግልን» አሉት።

በማግሥቱ ምሽት ስደርስ ወጣቱ ከጓደኛው ጋር ጎዳናው መግቢያ ላይ የሚያንጸባርቅ ሰደርያ ለብሶ ቆሞ ነበር። የሚመጣውን ሁሉ እያስቆመ ከእሳት አደጋ ውኃ ቧንቧው 15 ጫማ፣ ከእግረኛ መሻገሪያው 20 ጫማ እንዲርቅ ይነግረዋል። ጠርዙ የሚወርድበትን ነጥብ በእግሩ እየረገጠ «እስከዚህ ጋሼ፣ እስከዚህ እትዬ» ይላል። በየመኪናው መስታወት ሥር የስልክ ቁጥር የተጻፈባት ቁራጭ ወረቀት ትቀመጣለች። ከአዲስ አበባ የመጣች ልማድ ሳን ሆዜ ላይ ሥራ አገኘች።

ጎረቤቲቱ ወደ ተረኛ ሥራዋ ስትወጣ መግቢያዋ ከዳር እስከ ዳር ባዶ ነበር። መስኮቷን ዝቅ አድርጋ በቤቱ ውስጥ የሞተው ማን እንደሆነ ወጣቱን ጠየቀችው። ነገራት። ሞተሯን አጥፍታ ወረደችና ለባለልቅሶዎቹ ሐዘኗን ልትገልጽ አብራው ገባች። ከመውጣቷ በፊት ሽማግሌው ተነስተው መቀመጫቸውን ለቀቁላት።